ዕቃው መጋዘን ውስጥ አለ፤ የጠፋው አድራሻው ነው

የመርካቶ ነጋዴ ዕቃ ሲጠፋበት አስቀድሞ የሚጠይቀው «ተሰርቋል ወይስ ቦታው ተቀይሯል?» ብሎ ነው። ሁለቱ ለየቅል ናቸውና። የተሰረቀ ዕቃ ኪሳራ ነው፤ ቦታው የተቀየረ ዕቃ ግን የግማሽ ሰዓት ፍለጋ ነው። ይህንኑ ጥያቄ ስለ ኮምፒዩተሩ የሚያነሳ ነጋዴ ግን እምብዛም አላጋጠመኝም። ማሽኑ «አላውቀውም» ባለ ቁጥር የሚሰጠው ፍርድ አንድ ነው፤ «ፎርማት ይደረግ!» ይባላል። የዛሬው ጽሑፌ በዚህ ፍርድ ላይ የቀረበ ይግባኝ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሶማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ የሚነግድ አንድ የቆየ ወዳጅ አለኝ። ሱቁ ውስጥ አንድ ኮምፒዩተር አለ። የዕቃ መዝገቡም፣ የሽያጩም፣ የዱቤውም ሒሳብ ያለው በዚያው ላይ ነው። ባለፈው ሰሞን በየዕቃው ላይ የሚለጠፍ ባርኮድ የሚያትም ፕሮግራም ገዛና አንድ ወጣት ባለሙያ መጥቶ ጫነለት። ወረቀቱ ታተመ፣ ሒሳቡ ተከፈለ፣ ወጣቱ ሄደ። ሁሉም ደስ አለው።

ዘጠኝ የሥራ ቀን አለፈ። በአሥረኛው ቀን ገንዘብ ያዥዋ ለተጨማሪ እሴት ታክስ ማሳወቂያ የሚሆን የወር ሪፖርት ለማውጣት ብትሞክር ፕሮግራሙ እምቢ አላት። የዕለት ሽያጩ ይመዘገባል፣ ደረሰኙም ይታተማል። ሪፖርቱ ግን አንድ መስመር የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ያወጣና ዝም ይላል። ባለሙያው ተጠርቶ መጣ፤ ጥቂት ነካካና ተነሳ።

«ጋሼ፣ ዊንዶውሱ ተበላሽቷል። ፎርማት አድርገን እንደ አዲስ መጫን ነው የሚሻለው» አለ።

«መዝገቤስ?»

«ባክአፕ የላችሁም እንዴ?»

ገንዘብ ያዥዋ ፈጠን ብላ «አለን እንጂ! በየማታው ሱቅ ስንዘጋ እገለብጠዋለሁ» አለች። እውነቷን ነው። በየማታው ስክሪኑ ላይ ያለችውን አንዲት ምልክት ሁለት ጊዜ ትጫናለች፤ ጥቁር መስኮት ብልጭ ብሎ ይዘጋል፤ ፍላሹን ነቅላ ቦርሳዋ ውስጥ ትከታለች። ልጁ ሥራውን ሊጀምር እጁን ሰደደ።

እኔ በአጋጣሚ ቡና ልጠጣ ጎራ ብዬ ነበር። «እህቴ፣ እስቲ ፍላሹን እንየው» አልኳት። ተከፈተ። የመጨረሻው ፋይል የተጻፈው የባርኮዱ ፕሮግራም ከመጫኑ በፊት በነበረው ማታ ነው። ከዚያ ወዲህ ባሉት ዘጠኝ ቀናት አንድም ነገር አልተገለበጠም። ጥቁሩ መስኮት በየማታው ተከፍቶ ተዘግቷል እንጂ ምንም አልሠራም። ወዳጄ ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁት።

አንባቢ ሒሳቡን ራሱ ይሥራው። እንበል ሱቁ በቀን 80,000 ብር የሚሸጥ ነው፤ ከዚህም ውስጥ ሩቡ በዱቤ ይወጣል። በዘጠኝ ቀን 720,000 ብር ሽያጭ፣ 180,000 ብር ዱቤ ይሆናል። ያ ልጅ ፎርማት ቢያደርገው ኖሮ ማን ምን እንደወሰደ የሚያውቀው እግዜርና ባለዕዳው ብቻ ይሆኑ ነበር። ለግብር ሰብሳቢው የሚቀርበው ማስረጃም አብሮ ይጠፋል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚባለው አፍሳ ለመልቀም ዕድል ላገኘች ነው። ፎርማት የተደረገን መዝገብ መልቀም ግን ውድ ነው፤ ብዙ ጊዜም አይቻልም።

የተላላኪው ዝርዝር

ለመሆኑ ምን ሆኖ ነበር? ማሽኑ አልተበላሸም። መዝገቡም አልጠፋም። የሪፖርቱ መሣሪያም፣ የመገልበጫው ትዕዛዝም በቦታቸው ነበሩ። የጠፋው ፓዝ የሚባለው የአድራሻ ዝርዝር ነው።

ፓዝን በገበያ ቋንቋ ላስረዳ። አንድ ነጋዴ ታማኝ ተላላኪ አለው እንበል። ልጁ ታማኝ ነው፤ ግን በራሱ አያስብም። በኪሱ የመጋዘኖች ዝርዝር ይዟል። «ፍሬን ሸራ አምጣ» ሲባል መጀመሪያ ወደተጻፈው መጋዘን ይሄዳል፤ ከሌለ ወደ ሁለተኛው፤ ከሌለ ወደ ሦስተኛው። ያገኘበት ቦታ ላይ ይቆማል፤ ሌላ ቦታ የተሻለ ይኑር አይኑር አይጠይቅም። ዝርዝሩ ላይ ያልተጻፈ መጋዘን ደግሞ ከደጃፉ ቢሆን እንኳ አይገባበትም። ዝርዝሩን ጨርሶ ባዶ እጁን ሲመለስ «እንዲህ ያለ ዕቃ አላውቅም» ይላል።

ዊንዶውስም እንዲሁ ነው። ሰው ወይም ሌላ ፕሮግራም ሙሉ አድራሻ ሳይናገር አንድን ትዕዛዝ በስሙ ብቻ ሲጠራ፣ የትዕዛዝ መስኮቱ በመጀመሪያ ያለበትን ፎልደር ይፈትሻል፤ ከዚያ ፓዝ ላይ በሴሚኮለን ተለያይተው የተደረደሩትን ፎልደሮች በተራ ያስሳል። ካጣ «ይህ እንደ ውስጥ ወይም እንደ ውጭ ትዕዛዝ አይታወቅም» የሚለውን የታወቀ መልእክቱን ያወጣል። ይህን ያነበበ ሁሉ «ዊንዶውሱ ሞተ» ይላል። መልእክቱ ግን «አላገኘሁትም» ነው የሚለው፤ «የለም» አላለም።

ዝርዝሩ ሁለት ክፍል አለው። አንዱ ማሽኑን ለሚጠቀም ሰው ሁሉ የሚያገለግለው የሲስተም ዝርዝር ነው፤ ሁለተኛው የየተጠቃሚው የግል ዝርዝር ነው። ዊንዶውስ ሁለቱን ያጋጥማል፤ የሲስተሙ ይቀድማል፣ የግሉ ይከተላል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1979 በወጣው ሰባተኛው የዩኒክስ እትም ላይ ነበረ። ወደ ግል ኮምፒዩተር የመጣው እ.ኤ.አ. በ1983 ከዶስ ሁለተኛው እትም ጋር ሲሆን፣ ያ እትም ፎልደር የሚባለውን ነገር ለዶስ ያስተዋወቀ ነው። ፎልደር ሲበዛ አድራሻ ያስፈልጋልና። በዶስ ዘመን የሠራ ሰው አውቶኤግዜክ የምትባለውን ፋይል ያስታውሳታል፤ ፓዝ የሚጻፈው እዚያ ላይ ነበር። አንድ የትዕዛዝ መስመር ከ127 ፊደል መብለጥ ስለማይችል ሰው ቆጥቦ ይጽፍ ነበር። በዚያን ጊዜ ጨዋ የሆነ የመጫኛ ፕሮግራም «ይህን ፋይል ልለውጠው ወይስ ራስዎ ይለውጡታል?» ብሎ ይጠይቃል፤ የቀድሞውንም ግልባጭ በሌላ ስም ያስቀምጣል። ዛሬ ይህ ጨዋነት እየተረሳ ነው። «ቀጥል፣ ቀጥል፣ ጨርስ» ተብሎ ይታለፋል፤ ምን እንደተነካ የሚናገር የለም።

ዝርዝሩ እንዴት ይበላሻል?

በእኔ ዕይታ አራት መንገዶች አሉ።

አንደኛው ሙሉ በሙሉ መደምሰስ ነው። መጫኛ ፕሮግራሞች የሚሠሩባቸው መሣሪያዎች አሉ። ከእነዚህ አንዱና በብዛት የሚታወቀው ኤንኤስአይኤስ በተለመደው አሠራሩ ከ1,024 ፊደል በላይ የሆነ ጽሑፍ መያዝ አይችልም። የፓዝ ዝርዝሩ ከዚያ ሲረዝምበት ባዶ አድርጎ ያነበዋል። ጥንቁቅ ያልሆነ ፕሮግራመር ይህን ሳያጣራ «በነበረው ላይ የእኔን ጨምር» ብሎ ከጻፈ፣ የነበረው ባዶ ስለሆነ የሚጻፈው የእርሱ ብቻ ይሆናል። ለዓመታት የተጠራቀመው ዝርዝር በአንድ ጊዜ ይሰረዛል። በወዳጄ ሱቅ የሆነውም ይኸው ሳይሆን አይቀርም፤ ዝርዝሩን ስንከፍተው የተገኘው አንድ መስመር፣ እርሱም የባርኮዱ ፕሮግራም አድራሻ ብቻ ነበር።

ሁለተኛው መቆረጥ ነው። ሴትኤክስ የሚባል የዊንዶውስ ትዕዛዝ አለ። ብዙ ባለሙያ ከዚህም ከዚያም ባገኘው ምክር ይጠቀምበታል። ይህ ትዕዛዝ ከ1,024 ፊደል በላይ የሆነውን ቆርጦ ይጥላል። ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፤ የሚያነበው ግን ጥቂት ነው። በዚህ ላይ በተለመደው አጠቃቀም የሲስተሙን ዝርዝርና የግሉን አንድ ላይ ቀላቅሎ ይጽፋል። ውጤቱ ጭንቅላት ኖሮት እግር የሌለው ዝርዝር ነው። የተቆረጠው መጨረሻው ላይ ያለው ስለሆነ ጉዳቱ የሚታወቀው ከሳምንታት በኋላ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው የተራ መለዋወጥ ነው። አዲሱ ፕሮግራም ራሱን ከዝርዝሩ አናት ላይ ያስቀምጣል። ተላላኪው መጀመሪያ ያገኘውን ነው የሚያመጣው ብለናል። ማሽኑ ላይ ሁለት ዓይነት ጃቫ ካለ፣ የሒሳቡ ፕሮግራም የሚፈልገው አሮጌው ሆኖ ሳለ አዲሱ ይቀርብለታል። ኦርጅናል ፒስተን አዝዞ ሌላ ልክ እንደማግኘት ነው። ዕቃው ፒስተን ነው፤ ግን አይገጥምም። ይህ ዓይነቱ ብልሽት ከሁሉም ያደክማል፤ ማሽኑ «አላገኘሁም» አይልም፤ አግኝቷልና።

አራተኛው የእጅ ስሕተት ነው። ሴሚኮለን መርሳት፣ ሁለት አድራሻ ማጣበቅ፣ ትርፍ የጥቅስ ምልክት ማስገባት። ከዚህ የባሰ ረቂቅም አለ። ዝርዝሩ ላይ በፐርሰንት ምልክት መካከል የሚጻፍ «ሲስተም ሩት» የሚል ቃል አለ፤ ዊንዶውስ ራሱ ያለበትን ፎልደር የሚወክል ነው። ሬጂስትሪ በሚባለው የዊንዶውስ ማኅደር ውስጥ ይህ ቃል የሚፈታው ዝርዝሩ «ሊዘረዘር የሚችል ጽሑፍ» ተብሎ ከተመዘገበ ብቻ ነው። አንዱ ባለሙያ በችኮላ «ተራ ጽሑፍ» አድርጎ ከመዘገበው፣ ዝርዝሩ ለዓይን ሙሉ ሆኖ ይታያል፤ ግን አይሠራም። «ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ ይገኛል ስንጥር» የሚባለው ለዚህ ነው።

ጉዳቱን ተንኮለኛ የሚያደርገው ደግሞ ማሽኑ ተነስቶ መሥራቱ ነው። ብዙው ፕሮግራም የራሱን ፎልደርና የዊንዶውስን ዋና ፎልደሮች ያለ ፓዝ እርዳታ ያውቃቸዋል። ስለዚህ ሽያጩ ይቀጥላል፣ ደብዳቤ ይጻፋል፣ ኢንተርኔት ይከፈታል። የሚሞቱት በጓዳ ያሉት ናቸው፤ የማታው ግልባጭ፣ የወሩ ሪፖርት፣ ማንም የማያያቸው ትንንሽ ትዕዛዞች። ሱቁ ክፍት ሆኖ የኋላ በሩ እንደተሰበረ ይቆጠር።

የአንድ ሰዓት ሥራ

በዚያ ቀን ምን ተደረገ? ከምንም በፊት የሒሳቡን ፕሮግራም ዘግተን የመዝገቡን ፎልደር በማውስ ጎትተን ሁለት ፍላሽ ላይ ገለበጥነው። ይህ ፓዝ አይፈልግም። ማንኛውም ጥገና ከዚህ መጀመር አለበት።

ቀጥሎ ፈተናው መጣ። ጥቁሩን የትዕዛዝ መስኮት ከፍተን «ፒንግ» ብለን ጻፍን፤ «አይታወቅም» አለ። ከዚያ ሙሉ አድራሻውን፣ ሲ ድራይቭ፣ ዊንዶውስ፣ ሲስተም 32 ብለን ከስሙ ጋር ጻፍነው፤ ወዲያው ሠራ። ፍርዱ እዚህ ላይ አለቀ። በሙሉ አድራሻ ሲጠራ የሚመጣ፣ በስሙ ብቻ ሲጠራ ግን የማይመጣ ከሆነ ዕቃው አለ፤ የጠፋው አድራሻው ነው። በሙሉ አድራሻም ካልመጣ ያን ጊዜ ሌላ በሽታ ይፈለጋል። ይህ ፈተና ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ገንዘብ የሚቀበል ባለሙያ ሁሉ ፎርማት የሚለውን ቃል ከመናገሩ በፊት ሊያሳየን ይገባል።

ሦስተኛው ዝርዝሩን መክፈት ነው። በሴቲንግ ውስጥ ሲስተም፣ አባውት፣ ከዚያ አድቫንስድ ሲስተም ሴቲንግ፣ ከታች ኢንቫይሮንመንት ቫሪያብልስ የሚል ይገኛል። ላይኛው ሣጥን የተጠቃሚው፣ ታችኛው የሲስተሙ ነው። የሲስተሙ ዝርዝር ከተደመሰሰ መጀመሪያ የሚመለሱት የዊንዶውስ የራሱ አድራሻዎች ናቸው። እነርሱም የሲስተም 32 ፎልደር፣ ራሱ የዊንዶውስ ፎልደር፣ በሲስተም 32 ውስጥ ያለው ደብሊውቤም፣ እዚያው ያለው የፓወርሼል ፎልደር፣ በአዳዲሶቹ ማሽኖች ላይ ደግሞ ኦፕንኤስኤስኤች ናቸው። እነዚህ ሲመለሱ የማታው ግልባጭ ወዲያው ተነሳ። ከዚያ የሪፖርቱ መሣሪያ ያለበትን ፎልደር ፈልገን ጨመርነው። ሪፖርቱ ወጣ። ሁሉም ተደምሮ አንድ ሰዓት አልሞላም፤ ቡናው ሁለተኛ ላይ ነበር።

እዚህ ላይ ሦስት ነገር ማስታወስ ይጠቅማል። አንደኛ፣ የተከፈተ መስኮት የያዘውን አሮጌ ዝርዝር አይለቅም። ከጥገናው በኋላ አዲስ መስኮት መክፈት፣ ለሒሳብ ፕሮግራሙም ወጥቶ መግባት ያስፈልጋል። በጓዳ የሚሠሩት ሰርቪሶች ደግሞ አዲሱን ዝርዝር የሚያገኙት ማሽኑ ጠፍቶ ሲነሳ ነው። ሁለተኛ፣ ይኸው ጠባይ ለጥገናም ይረዳል። አዲሱ ፕሮግራም ከመጫኑ በፊት ተከፍቶ የቆየ የትዕዛዝ መስኮት ካለ፣ እዚያ ላይ «ፓዝ» ብሎ መጻፍ የቀድሞውን ዝርዝር ሙሉውን ያወጣል። ስለዚህ ብልሽት የጠረጠረ ሰው ማሽኑን ለማጥፋት አይቸኩል። ሦስተኛ፣ ሲስተም ሪስቶር ቀደም ሲል በርቶ ከነበረ ማሽኑን ከመጫኑ በፊት ወደነበረበት ቀን ይመልሰዋል፤ የተጠቃሚውን ሰነዶች አይነካም። ካልበራ ግን ከየትም አይመጣም።

የባለሙያዎቹ ክርክር

ባለሙያዎች ይህን ሲያነቡ የሚሉትን አውቃለሁ። «ፎርማት ንጹሕ ነው፤ ፈጣንም ነው። ስንጥር ስንፈልግ ከምንውል አዲስ አድርገን ብንገላገል ይሻላል። ደንበኛውም ለፍለጋ አይከፍልም» ይላሉ። ግማሹ እውነት ነው። ቫይረስ የወረሰው ማሽን፣ ዲስኩ እየሞተ ያለ ማሽን፣ ማን ምን እንደጫነበት የማይታወቅ ማሽን ፎርማት ሊያስፈልገው ይችላል። ያን አልክድም።

ግን ፈጣን የሆነው ለማን ነው? ባለሙያው በሁለት ሰዓት ጨርሶ ይሄዳል። ነጋዴው ደግሞ ፕሪንተሩን እንደገና ማገናኘት፣ የፕሮግራሙን ፈቃድ ቁጥር መፈለግ፣ መዝገቡን መመለስ፣ ያልተመለሰውን ከደረሰኝ ላይ በእጅ መጻፍ ይጀምራል። የፎርማት ዋጋ ለባለሙያው የሚከፈለው ብቻ አይደለም። ሱቁ በሩን ከፍቶ የተዘጋባቸው ቀናት ዋጋም አለ። ሳያጣሩ ፎርማት ማድረግ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ነው።

ነጋዴውንም ዝም ብዬ አላልፈውም። ጥፋቱ የባለሙያው ብቻ አይደለም። የአንድ ቀን ሥራ ይዞ ለመጣ ባለሙያ የአንድ ሰዓት ዋጋ የምንከራከር እኛው ነን። ዋናውን ፕሮግራም ትተን ከማን እንደመጣ የማይታወቅ ግልባጭ የምናስጭን እኛው ነን። ገንዘብ ያዥዋም፣ ልጃችንም፣ እንግዳውም ማሽኑን በሙሉ ሥልጣን እንዲከፍቱት የምንፈቅድ እኛው ነን። የሲስተሙን ዝርዝር መለወጥ የሚቻለው በአስተዳዳሪ ሥልጣን ብቻ ነው። በተራ ተጠቃሚ ስም የሚሠራ ሰው ቢሳሳት የሚያበላሸው የራሱን ግማሽ ነው። ለሱቁ ካዝና አንድ ቁልፍ የሚያበጅ ነጋዴ ለመዝገቡ ማሽን ስለምን በሩን ወለል አድርጎ ይተዋል?

ነገሩ የደኅንነትም ጉዳይ ነው። ተላላኪው ዝርዝሩ ላይ ያለውን ሁሉ ያምናል። ማንም ሊጽፍበት የሚችል ፎልደር ከዝርዝሩ አናት ላይ ከተቀመጠ፣ ክፉ ያሰበ ሰው የታወቀ ትዕዛዝ ስም የያዘ ሐሰተኛ ፕሮግራም እዚያ ሊያኖር ይችላል። ተላላኪው ሳይጠራጠር ያመጣዋል።

ማድረግ የሚገባን

ሐሳቤን ልሰብስብ። ይህ ጉዳይ የቴክኒክ ብቻ መስሎ የሚታያቸው አሉ። እኔ ግን የውል ጉዳይ ነው እላለሁ። ግንበኛ ግድግዳ ሲያፈርስ የውኃ ቧንቧ ቢሰብር «የእኔ ሥራ ግድግዳው ብቻ ነው» ቢል ማን ይሰማዋል? ፕሮግራም የሚጭን ሰውም ያገኘውን እንዳገኘው ትቶ የመሄድ ግዴታ ሊኖርበት ይገባል። ስለዚህ ሦስት ነገር ይደረግ።

አንደኛ፣ ፕሮግራም ሲገዛ በውሉ ላይ አንዲት ዐረፍተ ነገር ትጨመር፤ «ጫኚው ከመጫኑ በፊት የማሽኑን የፓዝ ዝርዝር ገልብጦ ለባለቤቱ ያስረክባል፤ በመጫኑ ምክንያት የተለወጠውን በራሱ ወጪ ይመልሳል» የምትል። ሥራው አምስት ደቂቃ ነው። የትዕዛዝ መስኮቱ ላይ «ፓዝ» ብሎ ጽፎ የወጣውን ማተም ነው። በተጨማሪ ሬጂስትሪ ውስጥ ሴሽን ማናጀር ሥር ያለውን ኢንቫይሮንመንት የሚለውን ክፍል ወደ ፋይል ማውጣት ይቻላል። ወረቀቱ ከሱቁ ንግድ ፈቃድ ጋር በአንድ ማኅደር ይቀመጥ።

ሁለተኛ፣ ክፍያው የሚፈጸመው አዲሱ ፕሮግራም ስለሠራ ብቻ አይሁን፤ የነበሩትም እንደነበሩ መሆናቸው ይረጋገጥ። ባለሙያው ሳይሄድ የማታው ግልባጭ አንድ ጊዜ ይሞከር፣ የወሩ ሪፖርት ይውጣ፣ ፍላሹ ተከፍቶ የዛሬው ቀን ይታይ። ወዳጄ ይህን አድርጎ ቢሆን ኖሮ ብልሽቱ በመጀመሪያው ቀን፣ ልጁ ገና ሱቁ ውስጥ ሳለ ይገኝ ነበር።

ሦስተኛ፣ ያልታየ ግልባጭ ግልባጭ አይባልም። ቁልፍ መጫን ግልባጭ መያዝ አይደለም። በሳምንት አንድ ቀን ባለቤቱ ራሱ ፍላሹን ይክፈት፤ ቀኑን ይይ፤ መጠኑን ይይ። ባንክ የገባ ገንዘብ ደረሰኙ ሳይታይ እንደማይታመን ሁሉ።

ይህን አሁን የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ብዙ ሱቅና ቢሮ ማሽኑን እያደሰ፣ አሮጌ ፕሮግራሞቹን በአዲስ ላይ እያስጫነ ነው። መጫን በበዛ ቁጥር የአድራሻ ዝርዝር የሚነካ እጅም ይበዛል። ትልልቆቹም ከዚህ አላመለጡም። ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ክራውድስትራይክ የተባለው የደኅንነት ኩባንያ ያሠራጨው አንድ የተሳሳተ ማሻሻያ፣ በማይክሮሶፍት ግምት 8.5 ሚሊዮን ያህል የዊንዶውስ ማሽኖችን አቁሟል፤ በዚያን ዕለት በዓለም ዙሪያ አየር መንገዶች በረራ ሰርዘዋል። ያኛው ብልሽት የፓዝ አልነበረም። ትምህርቱ ግን አንድ ነው፤ ማሽን የሚጎዳው በቫይረስና በሌባ ብቻ ሳይሆን፣ ለጥቅሙ ተብሎ በተጫነበት ነገርም ጭምር ነው።

ወዳጄ ዛሬ ከገንዘብ መያዣው በላይ ግድግዳው ላይ አንዲት ወረቀት ለጥፏል። አምስት የዊንዶውስ አድራሻና ሦስት የፕሮግራም አድራሻ ተጽፎባታል። ገበያተኛ «ይህ ምንድን ነው?» ሲለው «የተላላኪዬ ዝርዝር ነው» ይላል። ያ ወጣት ባለሙያም ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ መጥቷል። በሁለቱም ጊዜ ማሽኑን ከመንካቱ በፊት ያችን ወረቀት ቀና ብሎ አይቷል። ዋጋውንም ትንሽ ከፍ አድርጓል። ወዳጄም ሳይከራከር ከፍሏል።